ከግድግዳ የሚቀል ተራራ

ከአዘዞ ተነስቶ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ አውሮፕላን ከፍታውን ባይቀይርም መሬቱ ከሥሩ ይሸሸዋል። አዘዞ ያለው የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጧል፤ የሱዳን ድንበር ላይ ያለችው መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው የአየር ርቀት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጭልጋና አይከል ሲታለፉ ደጋው ይሰበራል፤ ቁልቁለቱ በነጋዴ ባሕር በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ከገንዳ ውሃ በኋላ ምድሩ ተነጥፎ እስከ ሱዳኗ ጋላባት ማዶ ሜዳ ይሆናል። ይህን አገር በኮምፒውተር ላይ እንደገና ለመሥራት የሚነሳ ሰው፣ ያለውን ውስን አቅም የት ላይ እንደሚያውለው አስቀድሞ መወሰን አለበት። በበረራ ማስመሰያ ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ዘንድ ክርክሩ የቆየ ነው፤ አንዱ ወገን የተርሚናሉ መስታወት ላይ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ይፈልጋል፣ ሌላው የማይቆራረጥ በረራ ይፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ነው፦ የአየር ማረፊያ ምስል እውነተኛ የሚሆነው አብራሪው ከመቀመጫው ሆኖ ውሳኔ የሚሰጥበትን ነገር በትክክል ሲያሳይ ነው፤ ያ ነገር ደግሞ፣ በተለይ እንደ ምዕራብ ጎንደር ባለ አገር፣ ለኮምፒውተሩ ከሁሉ የረከሰው ነው። ብዙ ወጪ የሚያስወጣው ጌጡ ነው።

ለጉዳዩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። የበረራ ማስመሰያ፣ በተለምዶ ሲሙሌተር የሚባለው፣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አየር መንገዶች አብራሪ የሚያሠለጥኑበት፣ በሃይድሮሊክ ወይም በኤሌክትሪክ እግሮች ላይ የሚወዛወዝ፣ ክፍል የሚያህል መሣሪያ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም አዲስ አበባ ባለው ማሠልጠኛው ይጠቀምበታል። ሁለተኛው ማንም ሰው ቤቱ ባለ ኮምፒውተር ላይ የሚጭነው ፕሮግራም ነው። ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን ፍላይት ሲሙሌተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር። የፈረንሳዩ አሶቦ ስቱዲዮ የሠራው አዲሱ ትውልድ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ወጣ፣ ተከታዩ ደግሞ በኅዳር 2017 ዓ.ም.። ከእነዚህ ሌላ ኤክስ-ፕሌን አለ፤ በነፃ የሚታደለውና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ፍላይትጊርም አለ። ሁሉም መላውን ዓለም እናሳያለን ይላሉ፤ የ2012ቱ ፕሮግራም ሲወጣ ከ37000 በላይ ማረፊያዎችን ይዞ ነበር። አብዛኞቹ ግን ሰው ያልነካቸው፣ ማሽን ከካርታና ከሳተላይት ምስል ገምቶ የደረደራቸው ናቸው። ቦታውን በትክክል የሚያውቅ ሰው ሲገኝ የራሱን ሥራ፣ ሲነሪ የሚባለውን፣ ሠርቶ ይጨምርበታል። አንዳንዱ ይሸጠዋል፣ አንዳንዱ በነፃ ያበረክታል፤ ኤክስ-ፕሌን እንዲያውም ፈቃደኞች የሠሯቸውን ማረፊያዎች ተቀብሎ ለተጠቃሚው ሁሉ ያከፋፍላል። ጎንደር ውስጥ ላፕቶፕ ያለው ወጣት አዘዞን ሠርቶ ለዓለም መስጠት ይችላል ማለት ነው። ያ ወጣት ምን ይሥራ፣ ምንስ ይተው?

መልሱ ከጊዜ በጀት ይጀምራል። ኮምፒውተር እንቅስቃሴን የሚያሳየን እንደ ፊልም፣ ፍሬም የሚባሉ ቋሚ ምስሎችን እያከታተለ ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም ለማሳየት ለእያንዳንዱ ያለው ጊዜ 33 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ 60 ለማሳየት ደግሞ 17 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ፕሮግራሙ አየሩ በክንፉ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ያሰላል፣ ነፋሱንና ደመናውን ያንቀሳቅሳል፣ የመሣሪያ ሰሌዳውን ያድሳል፤ በዚሁ ላይ ግራፊክስ ካርዱን «ይህን ሕንፃ ሣል፣ ይህን መኪና ሣል፣ ይህን ምሰሶ ሣል» እያለ በተራ ያዘዋል። ትእዛዙ ራሱ ጊዜ ይበላል። ተርሚናሉ ውስጥ ያለው ወንበር ሁሉ ራሱን የቻለ ዕቃ ሆኖ ከተሠራና ሠሪው ከሩቅ እንዲጠፋ ካላደረገው፣ ማንም ባያየው እንኳ ከአብራሪው ጊዜ ላይ ቆርሶ ይወስዳል። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለው ምክር ለጓዳ ብቻ የተነገረ አይመስልም። ችግሩን የሚያብሰው በጀቱ የሚጨናነቀው በማይሆን ሰዓት መሆኑ ነው። በሰማይ ሳለ ሁሉም ለስለስ ብሎ ይሄዳል፤ ማረፊያው ሲቀርብ ግን የተከመረው ዝርዝር ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር እየበረረ ለማረፍ የሚመጣ አውሮፕላን በሰከንድ 70 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰከንድ 30 ፍሬም ካለ ከአንዱ ምስል እስከ ሌላው ከሁለት ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ፍሬሙ ወደ 10 ከወረደ ግን ሰባት ሜትር ይዘላል። አፍንጫውን ቀና አድርጎ ጎማውን በዝግታ ለማሳረፍ የሚሞክር ሰው የዓይኑ መሪ በዚህ ዝላይ መካከል ይጠፋበታል። ለደጋ ማረፊያ ደግሞ ይህ ይብሳል። በ2000 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኑ በእውነቱ ከባሕር ዳርቻው ጓደኛው አሥር በመቶ ያህል ፈጥኖ ይሄዳል። ጎንደር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለችው አሌክሳንድሪያ ይልቅ የምስል መቆራረጥን መሸከም የማትችል ማረፊያ ናት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ከጎንደር እስከ ድንበሩ ያለውን ምድር፣ 150 በ150 ኪሎ ሜትር የሆነ ካሬ አድርገን እንውሰደው። በየ30 ሜትሩ አንድ የከፍታ ቁጥር ብናስቀምጥ በአንድ ጎን 5000፣ በጠቅላላው 25 ሚሊዮን ቁጥር ይሆናል። እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ባይት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የደጋው ጫፍ፣ የጭልጋ ገደል፣ የጓንግና የሽንፋ ወንዞች ሸለቆ፣ የመተማ ሜዳ፣ ሁሉም ተደምሮ 50 ሚሊዮን ባይት ነው። በሌላ በኩል በግድግዳ ላይ የሚለበጠውን ምስል፣ ቴክስቸር የሚባለውን፣ እንይ። ዛሬ የተለመደው ትልቅ መጠን 4096 በ4096 ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ሳይጨመቅ አራት ባይት ይይዛል፤ ድምሩ ከ67 ሚሊዮን ባይት ያልፋል። አንድ የተርሚናል ግድግዳ ከምዕራብ ጎንደር ምድር ሁሉ ይከብዳል ማለት ነው። ግድግዳው በሥራ ላይ ሲውል በጥሩ ዘዴ ተጨምቆ ወደ ሩቡ ሊወርድ ይችላል፤ የከፍታው ቁጥርም ይጨመቃል፤ ስለዚህ ንጽጽሩ ብዙም አይለወጥም። እንዲያውም ግድግዳው ብቻውን አይመጣም፤ ብርሃን እንዴት እንደሚመልስና ሸካራነቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚናገሩ ሌሎች ምስሎችን አስከትሎ ይመጣል። የምድሩ ከፍታ ደግሞ ተለክቶ ያለቀ ነው። በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንደቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በ11 ቀን ጉዞዋ አብዛኛውን የየብስ ክፍል በራዳር ለካችው፤ ውጤቱን ዛሬ ማንም በነፃ ያወርደዋል። ገደሉ በነፃ ቀርቦ ሳለ ለግድግዳው መስገብገብ ምን ይባላል? አማርኛ መልሱን በሁለት ቃላት ጨርሶታል፦ ሲያጌጡ ይመላለጡ።

ይህ የድሃ ሰው ማጽናኛ ነው የሚል ካለ፣ ገንዘብ ችግራቸው ወዳልሆነው ወደ አየር መንገዶቹ ማሠልጠኛ ይመልከት። ከፍተኛውን ደረጃ ያገኘ የማሠልጠኛ ሲሙሌተር ልምድ ላለው አብራሪ ወደ አዲስ ዓይነት አውሮፕላን መሸጋገሪያ ሙሉ በሙሉ የሚታመን ነው፤ አብራሪው የዚያን ዓይነት አውሮፕላን በእውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሳርፈው መንገደኛ ጭኖ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ አደራ የተጣለበት መሣሪያ ምን ዓይነት ምስል እንዲኖረው ይጠየቃል? የአሜሪካና የአውሮፓ የአቪዬሽን ባለሥልጣናት ማረጋገጫ ደንቦች ስለ ተርሚናል ወንበር አያነሱም። የሚሉት በርቀት የተሰፈረ ነው፦ የማኮብኮቢያው ቅርጽ፣ የመቃረቢያውና የጠርዙ መብራቶች ከ8 ኪሎ ሜትር ይታዩ፤ የመሐል መስመሩ መብራትና አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚሄድባቸው መንገዶች ቅርጽ ከ5 ኪሎ ሜትር ይለዩ፤ የማኮብኮቢያው መግቢያና የጎማ ማሳረፊያው መብራቶች ከ3 ኪሎ ሜትር ይታዩ። ጊዜውንም በጥብቅ ይሰፍራሉ፤ አብራሪው መሪውን ሲነቀንቅ መሣሪያው መልስ ለመስጠት ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ እንዳይዘገይ ለረጅም ዓመታት ያገለገለ መለኪያ ነው፣ አዳዲሶቹ ደንቦች ደግሞ ይበልጥ አጥብቀውታል። ሕይወት የሚያስከፍለው ስህተት የት እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች ያስቀመጡት ቅደም ተከተል ነው። ዓይን በየትኛው ርቀት ምን እንደሚፈልግ ጠይቀው፣ ያንን በጊዜው እንዲያገኝ አዘዋል። የብዙ ማሠልጠኛዎች ምስል ለዓመታት ከቤት ጨዋታዎች ምስል ያነሰ ውበት ነበረው፤ አብራሪዎቹ ግን በዚያው ሠልጥነው በሰላም ያርፋሉ።

የቤቱ ዓለም ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ሞክሮ ያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ በ32 ቢት የተሠራ ስለነበር ኮምፒውተሩ የፈለገውን ያህል ማኅደረ ትውስታ (ራም) ቢኖረው ፕሮግራሙ ከ4 ጊጋባይት በላይ መያዝ አይችልም ነበር። ማረፊያ ሠሪዎች ግን ፉክክር ገቡ። አንዱ የሻንጣ ጋሪ ሲጨምር ሌላው የአስፋልቱን ስንጥቅ፣ ሦስተኛው የመስኮቱን መጋረጃ ጨመረ። ውጤቱ ተጠቃሚዎቹ ሁሉ የሚያውቁት አንድ መከራ ሆነ፦ ሰዓታት በረው፣ ውቅያኖስ አቋርጠው፣ ሊያርፉ ጥቂት ደቂቃ ሲቀራቸው የማረፊያው ዝርዝር ሲጫን ማኅደረ ትውስታው ሞልቶ ፕሮግራሙ በራሱ ይዘጋል። ማረፊያው በጣም ከማማሩ የተነሳ ማንም አላረፈበትም። 64 ቢት ሲመጣ ያ ጣሪያ ተነሳ፤ ልማዱ ግን አልተነሳም፤ አሁን የሚጨናነቀው የግራፊክስ ካርዱ ማኅደርና የፕሮሰሰሩ ጊዜ ነው።

ስለ ቆላው የተለየ ነገር መባል አለበት፤ ምክንያቱም እዚያ እውነቱና ርካሹ አንድ ላይ ይሄዳሉ። ምዕራብ ጎንደር የሁለት ቀለም አገር ነው። በክረምት መሬቱ አረንጓዴ ለብሶ የሰሊጡና የጥጡ እርሻ እስከ አድማስ ይዘልቃል፤ ሰሊጡ ታጭዶ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ጥቁሩ ዋልካ ተሰነጣጥቆ ይገለጣል፣ የዕጣኑ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ይቆማል፣ ሣሩ ይቃጠላል፣ ወንዞቹ ይመነምናሉ፣ አየሩ በጭስና በአቧራ ይደበዝዛል። ማሽን የገመተው ምስል ግን ብዙውን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ ያልረገፈ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ያለብሰዋል። ሦስት ገጽታ ያለው ዛፍ በመቶ ሺዎች ሲዘራ ከሁሉም በላይ ኮምፒውተርን ከሚያደክሙ ነገሮች አንዱ ነው። እንግዲህ በጥር ወር መተማን በለምለም ደን የሸፈነ ሲነሪ ከፍተኛውን ዋጋ ከፍሎ ውሸት ገዝቷል ማለት ነው። ዛፉን አሳስቶ፣ ለክረምትና ለበጋ ሁለት የመሬት ቀለም ማዘጋጀት ግን ቦታ የሚይዘው ዲስክ ላይ እንጂ ከፍሬሙ ጊዜ ብዙም አይቀንስም። አድማሱን በጭጋግ ማደብዘዝ ደግሞ ጊዜ ይቆጥባል፤ በጭስ የተሸፈነውን መሣል አያስፈልግምና። ምስል ጨርሶ የማያስፈልገው እውነትም አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት 40 ዲግሪን ያልፋል። በ700 ሜትር ከፍታ ላይ 40 ዲግሪ የሞቀ አየር ከመሳሳቱ የተነሳ ክንፉ 1700 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይሰማዋል። ቆላው በሙቀቱ ብቻ ወደ ጎንደር ደጅ ይቃረባል ማለት ነው። ይህን ለማሳየት የሚያስፈልገው አንድ የሙቀት ቁጥር ነው፤ ተጠቃሚው ግን አውሮፕላኑ ከመሬት አልነሳም ሲለው ቆላ መሆኑን ከየትኛውም ግድግዳ በላይ ያምናል።

ከዝርዝር ማነስ ይልቅ የመረጃ ስህተት እንደሚያሳፍርም ምስክር አለ። የ2012ቱ ፕሮግራም በወጣ ሰሞን በአውስትራሊያ ሜልቦርን፣ ፎክነር በሚባል ተራ ሰፈር መካከል ሰማይ ጠቀስ ዘንግ የመሰለ ሕንፃ ቆሞ ተገኘ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ አንድ ሰው ለሕዝብ ክፍት በሆነው ካርታ ላይ የአንድን ቤት ፎቅ ብዛት 2 ለማለት 212 ብሎ ጽፎ ኖሯል፤ ማሽኑም ያመነውን ሠራ። መስኮቱ፣ ጥላው፣ ቀለሙ ሁሉ አልጎደለም፤ ብቻ ሕንፃው አልነበረም። ካርታችን ገና ብዙ ክፍት ቦታ ባለበት አገር ይህ ትልቅ ትምህርት ይዟል። ለመተማና ለገንዳ ውሃ የሚያስፈልገው ቀዳሚ ሥራ የአዘዞ–መተማን መንገድ በትክክል ማስመር፣ የቆርቆሮ ቤቱን ሰፈር ከጎጆው መለየት፣ የጓንግን አልጋ በቦታው ማስቀመጥ ነው። በዓይን የሚበር ሰው ከደጋው ወርዶ ድንበሩን የሚያገኘው መንገዱንና ወንዙን ተከትሎ ነው። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የእንግሊዝና የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላኖች በጋላባትና በመተማ ሰማይ ሲገጥሙ ተርሚናል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያን ቀን በሲሙሌተር መድገም ለሚፈልግ የታሪክ ወዳጅም ቢሆን የሚያስፈልገው የኮረብታውና የወንዙ ቅርጽ ነው።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያውና ልብ የሚነካው የክብር ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ማረፊያዎች እስከ ቡና መሸጫቸው ድረስ ተሠርተው ሳለ የእኛ ለምን ባዶ ሣጥን ይሆናል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ሣጥን ይሁን አልልም። ልዩነቱ ዝርዝሩ ከየት ርቀት እንደሚታይ ማሰብ ላይ ነው። ሕንፃው በሦስትና በአራት ደረጃ ይሠራል፤ ከሩቅ ቅርጹ ብቻ፣ ሲቀርብ መስኮቱ፣ ደጁ ላይ ሲደረስ ደግሞ ጽሑፉ። ይህን ያደረገ ሠሪ ውበትም ፍጥነትም አግኝቷል፤ ልፋቱ ግን የእሱ ነው፣ ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ደረጃዎቹን ማዘጋጀት አሰልቺ ስለሆነና በማስታወቂያ ፎቶ ላይ ስለማይታይ ብዙዎች ይዘሉታል። የቦታ ልዩነትም አለ። ሁለት ትይዩ ማኮብኮቢያ ባለው ቦሌ መንገደኛ አውሮፕላን መሬት ላይ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ የመቆሚያዎቹ ቁጥርና የመንገዶቹ መስመር በጥሩ ዝርዝር መሠራታቸው ትክክል ነው። አንድ ማኮብኮቢያ ባለው አዘዞ ግን ተጠቃሚው ከመሬት ይልቅ አየር ላይ ነው የሚቆየው። እዚያ ትርፍ አቅም ካለ የፋሲል ግንብ ይቅደም፤ ከሰማይ የሚታይ ምልክት ነውና።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ኮምፒውተር በየዓመቱ እየጠነከረ ነው፤ ያቃተው ሰው ደግሞ ማስተካከያውን ዝቅ ያድርግ» የሚል ነው። ማሽኑ ይጠነክራል፤ ግን ፕሮግራሙም አብሮ ይከብዳል። የማይክሮሶፍቱ ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. በትንሹ 8 ጊጋባይት ራም ይጠይቅ ነበር፤ የ2017ቱ ትንሹ 16 ነው። በአራት ዓመት ውስጥ መግቢያው በር በእጥፍ ጠበበ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የአገራችን ወጣት ላፕቶፕ በእጥፍ ጠንክሯል የሚል ካለ የመርካቶን ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ገበያ አላየም። ዝቅ አድርግ የሚለውም ምክር የሚመስለውን ያህል አይረዳም። አጠቃላዩ ማስተካከያ ሁሉንም በአንድ ላይ ነው የሚቀንሰው፤ ወንበሩን ለማጥፋት ብሎ ተራራውንም ያደበዝዛል። ሠሪው ደረጃዎቹን ካላዘጋጀ ደግሞ የሚቀንሰው ነገር አያገኝም። ምርጫውን ቦታውን የማያውቀው ማስተካከያ ሳይሆን ቦታውን የሚያውቀው ሠሪ ሊያደርገው ይገባል።

ሦስተኛው መልስ ከኩባንያዎቹ ራሳቸው የመጣ ነው፦ ዝርዝሩን ከሩቅ ሰርቨር በኢንተርኔት እናፍስላችሁ፣ ዲስካችሁ አይጨነቅ። ለአምስተርዳም ነዋሪ ድንቅ መፍትሔ ነው። የ2017ቱ ፕሮግራም ለዚህ በትንሹ በሰከንድ 10 ሜጋቢት፣ እንደ ምክሩ ከሆነ ደግሞ 50 ሜጋቢት የማይቋረጥ መስመር ይፈልጋል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወቅት ምድሩን ከሩቅ ሰርቨር የሚጠብቅ ፕሮግራም ለጎንደር ተጠቃሚ ባዶ ወረቀት ነው፤ በዲስክ ላይ የተቀመጠ፣ መጠኑ ትንሽ የሆነ፣ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ሲነሪ ግን ይሠራል። መቆጠብ እዚህ ላይ የፍጥነት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ሥራው ለባለቤቱ መድረስ አለመድረሱ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ስለ ኮምፒውተር አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በአሥር ሺዎች በመተማ በኩል ገብተዋል፤ ክልሉ ራሱ ከጦርነት አልወጣም፤ በዚህ መካከል ስለ ምስል ጥራት መከራከር «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አያሰኝም ወይ? ሊያሰኝ ይችላል። ሲነሪ የሚሠራ ሰው እህል አያመጣም፣ ድንበር አያረጋጋም፤ ሌላ ነገር የሚል ሰው ካለ አጋኗል። ነገር ግን ዓለም መተማን የሚያውቃት በሁለት ምስል ነው፦ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁባት የጦር ሜዳ፣ እና በዜና ላይ የሚታየው የስደተኛ ሰልፍ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ግን ስለ ምድሩ አይናገሩም። ከአልጣሽ ፓርክ ዳር እስከ ጓንግ ያለው አገር ሰው የሚያርስበት፣ ዕጣን የሚያወጣበት፣ ከብት የሚያሰማራበት ቦታ መሆኑን በሰማይ ላይ ሆኖ ማየት ለሚፈልግ፣ መንገዱ ባልተከፈተበት ጊዜ እንኳ ክፍት የሆነ አንድ መስኮት ይህ ነው። መስኮቱ ጥሩ እንዲሆን ደግሞ ውድ ኮምፒውተር ያለው የውጭ አገር ሰው ብቻ የሚያየው መሆን የለበትም።

ስለዚህ አዘዞን ለመሥራት የተነሳ ሰው የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን የተሻለ ነው፦ መጀመሪያ ምድሩ፣ ቀጥሎ የማኮብኮቢያው ርዝመት፣ ተዳፋትና አቅጣጫ፣ ቀጥሎ መብራቱ፣ ቀጥሎ የክረምቱና የበጋው ቀለም፣ መንገዱና ወንዙ። እዚህ ድረስ ያለው ሁሉ አቅሙ ደካማ በሆነ ላፕቶፕ ላይ ተሞክሮ በሰከንድ 30 ፍሬም ማለፉ ሳይረጋገጥ ወደ ሕንፃው አይኬድ። የተረፈ አቅም ካለ ተርሚናሉ ይሠራ፤ ከግድግዳዎቹ ሁሉ አንዱ ትልቅ ቴክስቸር ይገባዋል ከተባለም የአየር ማረፊያው ስም የሚጻፍበት ይሁን፣ ተጠቃሚው አቁሞ የሚያነበው እሱን ነውና። ስሙ የቋራው ካሣ የነገሡበት ስም ነው። ቋራ ራሷ፣ ከአዘዞ በስተምዕራብ ከደጋው ሥር፣ ያኔ ቀድማ ተሠርታ አልቃለች፤ ክብደቷም ከዚያ ግድግዳ ያነሰ ነው።